ካልሲ ከላይ

ሻንጣ ማሰናዳት አታውቂበትም ይሉኛል። ይበሉ። ከመሥሪያ ቤት ለአጭር ስብሰባ ስንወጣ ባልደረቦቼ የኔን ሻንጣ አይተው «ጠቅልለሽ ልትገቢ ነው እንዴ?» እያሉ ይስቁብኛል። ሹፌሩማ በጉልበቱ እየገፋ ሲጭነው «እትዬ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፣ ሰው አለበት?» ማለት ልማዱ ነው። ጫማውን ከሸሚዙ፣ ፎጣውን ከወረቀቱ እያደባለቅኩ፣ እጄ የገባውን ሁሉ ወርውሬ፣ በመጨረሻ ክዳኑ ላይ ቁጭ ብዬ እዘጋዋለሁ። ካልሲ ሲያስፈልገኝ ሁሉን አልጋ ላይ ዘርግፌ ነው የማገኘው።

ሙያው ጠፍቶኝ ግን አይደለም። ዕቃ እንዴት ቀሎና አምሮ እንደሚያዝ ከኔ በላይ አውቃለሁ የሚል ካለ ይምጣና እንወራረድ። የተማርኩት ገና ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ነው፤ አስተማሪዎቼም የዋዛ አልነበሩም።

አንዷ እናቴ ናት። እናቴ ልብስ ማጠቢያ ቤት ነበር የምትሠራው፤ የሰው ሸሚዝ ስታጣጥፍ ትውላለች። እጅጌውን ወደ ኋላ፣ ትከሻውን ወደ መሃል፣ ከዚያ ከወገቡ ብድግ አድርጋ ከኮሌታው ሥር ታሳርፈዋለች። እጇ ሲሠራ አፏ ሌላ ያወራል። ደንበኛ «ሸሚዜ ተጨማደደ» ብሎ ሲመለስ ጥፋቱ የማን እንደሆነ እንዲታወቅ፣ እዚያ ቤት እያንዳንዷ ሠራተኛ የራሷ ምልክት ነበራት። የናቴ ምልክት ከታች ሁለተኛዋን ቁልፍ ሳትቆልፍ መተው ነበር። ቤትም አመሏ ሆኖ የአባቴን ሸሚዝ እንደዚያው ታደርገዋለች። አባቴ ሊለብስ ሲል «ይቺ ሴትዮ እኔንም ደንበኛ አደረገችኝ» እያለ ይስቅባታል።

ሁለተኛው አስተማሪዬ የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው። እሱን መንገደኛው ብዬ ነበር የምጠራው። ነፍስ ሳውቅ አልነበረም፤ ፎቶውን እያሳየሁ «ይሄ ሰው የት ነው?» ስል «አጎትሽ ነው፣ ሩቅ አገር ሄዷል» ይሉኛል። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ፎቶው ላይ ያለው ሰውዬ ሁለቱን ያክለዋል። የፊት ጥርሶቹ የሉም። በር ሲዘጋ ከተቀመጠበት ብድግ ይላል። ሩቅ አገር ብዙ የቆየ ሰው እንዲህ እንደሚሆን፣ በር ሲዘጋም መኪናው ጥሎኝ ሄደ ብሎ እንደሚደነግጥ በራሴ ጭንቅላት አሰላሁ። ማንም አላረመኝም።

ነገሩ የጀመረው በሸበቶው ነው። ሸበቶው ማተሚያ ቤት ካባቴ ጎን ቆሞ የሚሠራ ሰው ነበር፤ ሁለቱም ፊደል ለቃሚዎች ናቸው፤ ከሳጥኑ የእርሳስ ፊደል እያነሱ መስመር ላይ የሚደረድሩ። አንድ ቀን አባቴ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ከሥራ መጣ። እጁን ሳይታጠብ ማድ ቤት ገብቶ ተቀመጠ። መንገደኛው አጎቴም ተጠርቶ መጣ። እኔ ጥግ ላይ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ። በርግጥ የሚሠራው ጆሮዬ ነበር።

«ከሥራው ላይ ነው የወሰዱት» አለ አባቴ። «እጁን እንኳ ሳይታጠብ። ወዴት እንደሆነ የነገረንም የለም።»

«ለምን አትሄድም አንተስ?» አለች እናቴ። «ገጠር ዘመድ አለህ።»

«ከሄድኩማ ጥፋተኛ ነኝ ማለት ነው። ምን አደረግኩ? የሰጡኝን ፊደል እለቅማለሁ። ምንም ያላደረገ ሰው ቤቱ ይቀመጣል።»

 እናቴ ስለ ልብስ ሰፊው ሚስት አወራች። ልብስ ሰፊው ሱቁ እኛ በር ፊት ለፊት ነበር፤ ባለፈው ሰሞን ተዘግቷል።

«በካናቴራ ነው የወሰዱት። ባዶ እግሩን። እሷ ልብሱን አቅፋ ደጃቸው ላይ ብትቆም ብትቆም የሚቀበላት አጣች። ሲወጣ ያልያዘውን በኋላ አናስገባም አሏት።» የቀሚሷን ጫፍ አጣጠፈች። «እኔ እንደዚያ አልሆንም። ከመጡም ይምጡ፤ የኔ ባል ባዶ እጁን አይሄድም።»

እንግዲህ እኔ ምን ልረዳ? ልብስ ሰፊው በካናቴራ መንገድ ወጥቷል፤ ሳቄን አፍኜ ሞትኩ። አባቴም መንገድ ሊሄድ ነው። ወዴት እንደሆነ ደግሞ ማንም ሳይነግረኝ አውቄዋለሁ። አባቴ ወጣት ሳለ ማተሚያ ቤቱ ሠራተኞቹን በጭነት መኪና ሐይቅ ወስዷቸው ነበር። ውሃው ጫፉ እንደማይታይ፣ ጫማውን አውልቆ እስከ ጉልበቱ እንደገባ፣ ዓሦች እግሩን እንደኮረኮሩት መቶ ጊዜ አውርቶልኛል። «አንድ ቀን እወስድሻለሁ» ብሎም አፉን ሞልቶ ቃል ገብቶልኛል። እንግዲህ ደረሰ አልኩ።

አጎቴ ማስተማር ጀመረ። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ድምፁን ሳያነሳ ሳይጥል።

«ከሁሉ በፊት ቀላል ይሁን። ይዞት ብዙ ነው የሚቆመው፤ ቁጭ በል የሚለው የለም።»

«ብርድ ልብስስ?» አለች እናቴ።

«አይሆንም። ደህና ነገር ዓይን ይገባል፣ ይወስዱበታል። ያረጀ፣ ግን ያልተቀደደ ሹራብ። የቆዳ ቦርሳ እንዳታደርጊ። ሸራ ይሁን። ዚፕ የለም፤ ቀበቶ የለም፤ የጫማ ማሰሪያ የለም፤ ብረት የሚባል ነገር አይግባ። ሳሙናውን ግማሽ አድርጊው። ሙሉ ከሆነ ውስጡ ምን አለ ብለው ሰባብረው ይጥሉታል፤ ቀድመሽ ቁረጪውና በወረቀት ጠቅልይው።»

«እሺ።»

«ካልሲ ከላይ።» እዚህ ላይ ጣቱን አነሳ። «ከሁሉም ከላይ። ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ጨለማ ነው፤ ሰዉ ጎን ለጎን ተጠጋግቶ ነው የሚተኛው፤ አንዱ ሲገላበጥ ሁሉም ይገላበጣል። እዚያ ቦርሳ መዘርገፍ የለም። እጁን ሲሰድ ካልሲው ላይ ማረፍ አለበት። እዚያ ካልሲ እያለው ሳያጠልቅ ያደረ ሰው እኔ አላየሁም።»

«ወንድሜ እኮ የጉዞ ወኪል ሆኖ ነው የተፈጠረው» አለ አባቴ። አጎቴ በድዱ ሳቀ። እናቴ አልሳቀችም፤ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች የተባለውን ለራሷ ትደግም ነበር።

እኔ ደግሞ ሰው ተጠጋግቶ የሚተኛበት ቦታ ምንኛ ቢያምር ነው እያልኩ ልቤ ቆመ። ሰው እንደዚያ የሚጎርፍለት ሐይቅ! ሲሚንቶው ትንሽ ቅር ቢለኝም ውሃ ዳር ያለ ቤት ወለሉ እርጥብ ስለሚሆን ነው ብዬ አለፍኩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ከሥራ ስትመለስ መርፌና ክሯን ይዛ ትቀመጣለች። አጎቴ የራሱን የሸራ ቦርሳ አመጣላት፤ ያ ሁሉ አገር የዞረ ቦርሳ ነው ብዬ በአክብሮት ነበር የማየው። ዚፑን ተርትራ አውጥታ በላስቲክ ለወጠችው። የአባቴን ሱሪ ወገብ ፈትታ ላስቲክ ከተተችበት። ሐይቅ ዳር ቶሎ ለማውለቅ! ማሰሪያ የሌለው ጫማ ገዛችለት። ይኸውና፣ ውሃ ሊገባበት! ፎጣውን ለሁለት ቀደደች፣ የጥርስ ብሩሹን እጀታ በቢላ አሳጠረች። ሁሉም ነገር ከኔ ሐይቅ ጋር ቁልጭ ብሎ ይገጥማል። ሞልታ ታወጣዋለች፣ አውጥታ ትሞላዋለች። አንዳንዴ አባቴን «እስቲ ያዘው» ትለዋለች። እሱ ቦርሳውን አንጠልጥሎ መሃል ቤት ይቆማል፤ ያ ቀልደኛ ሰውዬ ምንም ሳይናገር ይቆምላታል። «ከበደህ?» «አልከበደኝም።» እሷ ግን የሆነ ነገር ትቀንሳለች።

ሲያልቅ በር አጠገብ ካለው ቁም ሣጥን ሥር ገፋችው። ዛሬ እንደማውቀው፣ የዚያን ጊዜ በዚያ መንገድ ዳር ቤት ያለው ሁሉ፣ እንደዚያ ዓይነት ቦርሳ ነበረው። ጫማ ጠጋኙ ነበረው፤ አስተማሪዬ ነበራት። አንዱ ለሌላው አያወራም።

እኔስ? አልኩ። እናቴን ብጠይቃት «ይሄ የልጅ መንገድ አይደለም» ብላ አፌን አስያዘችኝ። እሺ ልበል? ምን ቆርጦኝ። የትምህርት ቤት ቦርሳዬን ደብተሩን አውጥቼ ራሴ አሰናዳሁት። ደንቡን አንድ ሳላስቀር፦ አሮጌ ሹራብ፣ ቀበቶ የለም፣ ብረት የለም። ከሳሙና ማስቀመጫው ላይ ትንሽ ቁራጭ ሰርቄ በወረቀት ጠቀለልኩ። ካልሲ ከላይ።

አባቴ ያዘኝ። አልጋዬ ሥር ስጎትተው በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ወለሉ ላይ ከጎኔ ተቀመጠና ቦርሳዬን ከፈተ። አንድ በአንድ እያወጣ አየው፤ አንድ በአንድ መለሰው።

«ካልሲውን ከላይ ነው ያደረግሽው?»

«አዎ። እጄን ስሰድ አገኘዋለሁ።»

«ጎበዝ» አለኝ። ተነስቶ ወጣና መታጠቢያው ጋ ፊቱን ሲታጠብ ሰማሁት። ውሃው ለረጅም ጊዜ ሲፈስ ነበር። ከናቴ ፈቃድ ሊለምንልኝ መላ እየመታ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

የመጡት በእረፍት ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። አጎቴ «ጎህ ሲቀድ ነው የሚመጡት» ብሎ ስለነበር ማንም አልጠረጠረም። እናቴ ጓዳ ገብታ ጋደም ብላለች። አባቴ እኔን ፀጉሬን እያበጠረ ነበር፤ እንደማይችልበት እያወቀ ነው የሚታገለው። በሩ ተንኳኳ። ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ በዕድሜ ጠና ያለ፣ መነጽር ያደረገ፤ ሌላው ወጣት፣ ጫማው አዲስ። አባቴ ማበጠሪያውን ፀጉሬ ላይ ሰክቶ ተነሳ።

«ተቀመጥ፣ ተቀመጥ» አለ ባለመነጽሩ። «ጥቂት ጥያቄ ነው። ስለ ሸበቶው።»

የማተሚያ ቤት ሰዎች መሰሉኝ። ጉዞውን ሊያዘጋጁ የመጡ።

«አብራችሁ ነው የምትሠሩት፤ ከሥራ ውጭስ?»

«እሱ ብቻውን ነው የሚበላው። ጨዋታም አያውቅ።»

«አንተ ጋ ያስቀመጠው ዕቃ የለም?»

«እኔ ነኝ መጥረጊያ ጨርቄን እሱ ጋ የተውኩት» አለ አባቴ። ሰውየው ፈገግ አለ። ወጣቱ አፉን ከፍቶ አዛጋ። ሌላም ሌላም ጠየቁት፤ እንደዚሁ እንደ ዋዛ። ውሃ ጠየቁ፣ ጠጡ። ከዚያ ባለመነጽሩ ጉልበቱን መታ መታ አድርጎ ተነሳ።

«በቃ። ካስፈለግክ እንጠራሃለን። ልጅህ ናት? ስንተኛ ክፍል ነሽ?»

«ሁለተኛ» አልኩ።

«ጎበዝ ተማሪ ትመስያለሽ። ማበጠሪያሽን አውልቂ እንጂ።»

ሳቁ። አባቴም ሳቀ። ሊሸኛቸው ተነስቶ በሩን ከፈተላቸው፤ ወጣቱ ከፊት፣ አባቴ መሃል፣ ባለመነጽሩ ከኋላ። የአባቴ ትከሻ ቀስ ብሎ ወደ ቦታው ሲወርድ አየሁት። ተሰቅሎ እንደነበር ያወቅኩት ያኔ ነው።

የጓዳው መጋረጃ ተገለጠ። እናቴ ፀጉሯ ተበታትኖ፣ አንድ እግሯ ጫማ የለውም። ከእንቅልፏ የነቃችው በወንበሮቹ ድምፅ ነው። ብድግ ስትል ያየችው የባሏን ጀርባ ነው፤ በሁለት ሰው መሃል፣ ወደ በሩ ሲሄድ።

«ቆዩ!» ብላ ጮኸች። «ቆዩ! ሳይዝ አይሄድም!»

ከቁም ሣጥኑ ሥር ቦርሳውን ጎትታ አወጣችና ሮጣ ባለመነጽሩ እጅ ላይ አኖረችው።

«ልብሱ ነው» አለች እየተንተባተበች። «ብረት የለበትም። ማሰሪያ የለበትም። ሳሙናውም ተቆርጧል። ፈትሹት፣ ከፈለጋችሁ እዚሁ ፈትሹት።»

ሰውየው ቦርሳውን ብድግ አድርጎ መዘነው። ላስቲኩን ፈታ። እጁን ሰደደ፤ ካልሲው ላይ አረፈ። ወደ ውስጥ ገባ አድርጎ የሳሙናውን ጥቅል ነካ፣ አሸተተውና መልሶ በቦታው አስቀመጠው።

«ቀላል ነው» አለ። «የሚያውቅበት ሰው ነው የያዘው። እርስዎ ነዎት ያሰናዱት?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አለች እናቴ። እዚህ ላይ ድምፅዋ ውስጥ ትንሽ ኩራት ነበረ። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ልብስ አጥፋ አንድ ቀን እንኳ ጎሽ ያላት የለም።

«ከመቼ ጀምሮ?»

ያኔ ነው አባቴን ቀና ብላ ያየችው። በሩን የያዘው እሱ ራሱ ነው። ክንዱን የያዘው ሰው የለም። ከኋላው ያለው ሰውዬ ባርኔጣውን ለመሰናበት አውልቆ ነበር። ፊቷ አመድ መሰለ።

«እኛ ወደዚህ እንደምንመጣ ያወቅነው ዛሬ ጠዋት ነው» አለ ባለመነጽሩ። ቁጣ የለበትም፤ ከልቡ የገረመው ይመስላል። «ምንም የሌለበት ሰው ምን ብሎ ቦርሳ አሰናድቶ ይቀመጣል?»

«ሁሉም ሰው እኮ...» ብሎ ጀመረ አባቴ። ከዚያ አፉን ገጠመ። ዛሬ ሳስበው፣ አረፍተ ነገሩን ቢጨርሰው ከዚያ መንገድ ስንት በር ይንኳኳ ነበር።

«ሁሉም ሰው ምን?»

«ምንም። ልምጣ ካላችሁ እመጣለሁ።»

እኔ ይህን ሁሉ የት ሰምቼ! ቦርሳው ሲወጣ ሳይ ቀኑ ዛሬ ነው ብዬ ወደ አልጋዬ በርሬ ነበር። ስመለስ ቦርሳዬን በጀርባዬ አዝዬ፣ ማበጠሪያው እንደተሰካ፣ መሃላቸው ቆምኩ።

«እኔም ዝግጁ ነኝ!»

ወጣቱ ወደ ኮርኒሱ አየ። አባቴ በርከክ አለና ከቁመቴ ተስተካከለ። ማበጠሪያውን ነቀለልኝ።

«ዛሬ ቦታ የለም፣ የኔ እመቤት» አለኝ። «ሞልቷል።»

«ቃል ገብተህልኛል!»

«አውቃለሁ።»

ማሰሪያ የሌለውን ጫማ አጠለቀ። ቦርሳውን ከሰውየው ተቀብሎ አንጠለጠለው። እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች፤ እጆቿ በአየር ላይ የሌለ ነገር ያጥፋሉ።

«ደህና አድርገሽ ነው የያዝሽልኝ» አላት። «ምንም አልከበደኝም።»

እኔ አምርሬ አለቀስኩ። ጥሎኝ ሄደ። ሲመጣ አላናግረውም ብዬ ዛትኩ፤ ዓሦቹን ቢያወራልኝ እንኳ ጆሮዬን እይዛለሁ አልኩ።

አመሻሹ ላይ አጎቴ መጣ። እናቴ ሁሉን ነገረችው። ግንባሩን በመዳፉ መታ፣ ደጋግሞ መታ።

«እኔ ነኝ። እኔ ነኝ ያስተማርኩሽ።»

«እኔ ነኝ እጁ ላይ ያኖርኩለት!»

«ቦርሳው የኔ ነው!»

«የሰፋሁት እኔ ነኝ! ሊሄዱ ነበር እኮ። ሊሄዱ ነበር!»

ይኼው ደግሞ ሙያው የኔ ነው የኔ ነው ብለው ይጣላሉ አልኩ በሆዴ። ያ ሰውዬ «የሚያውቅበት ሰው ነው» ብሎ ስላመሰገነ ምስጋናውን እየተሻሙ መሰለኝ። አልጋዬ ላይ ሆኜ፣ እውነቱን ፍረጂ ብባል ለናቴ ነበር የምፈርደው።

ትምህርት ቤት «አባትሽ የት ነው?» ሲሉኝ «ሐይቅ» እላለሁ፤ ኩርፊያዬን ውጬ፣ በኩራት። አንድ ቀን አስተማሪዬ ሰማችኝ። ጥቁር ሰሌዳውን እንድጠርግ ዳስተሩን ሰጠችኝ። ሁሉም ልጅ የሚመኘው ነገር ነው። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ እኔ እንድጠርግ አደረገች። ለምን እንደተወደድኩ አልገባኝም።

እናቴ ከሥራ በፊት ትሄዳለች፣ ከሥራ በኋላ ትሄዳለች። ከአንዱ ደጃፍ «እዚህ የለም»፣ ከሌላው «ዝርዝሩ ውስጥ አላየነውም» ይሏታል። ክረምቱ አለፈ። አንድ ቀን ዕቃ ውሰጂ ተብላ ተጠራች። አጎቴ አብሯት ሄደ። ሲመለሱ የሸራውን ቦርሳ ይዘዋል፤ ገበታው ላይ አስቀመጡትና ሁለቱም ቁጭ ብለው ያዩት ጀመር።

«አባዬስ?» አልኩ። «ከኋላ እየመጣ ነው?»

 እናቴ ላስቲኩን ፈታች። ካልሲው ከላይ ነው፤ አንዱ ባንዱ ውስጥ ተጠቅልሎ እንደ ድንች ድቡልቡል ብሏል፤ እሷ እንደጠቀለለችው። ከሥሩ ሸሚዙ፤ ከታች ሁለተኛዋ ቁልፍ አልተቆለፈችም። ግማሹ ሳሙና ወረቀቱ እንኳ አልረጠበም። ፎጣው፣ ሹራቡ፣ ሁሉም በየቦታው፣ እጥፋቱ ሳይዛነፍ። እናቴ ሸሚዙን አላነሳችውም። ጣቷን ያቺ ክፍት ቁልፍ ላይ አድርጋ ቀረች።

አንገታቸውን ሲደፉ ጊዜ የማጽናናቸው እኔ ነኝ ብዬ አሰብኩ።

«ምንም አልተጠቀመበትም እኮ!» አልኩ። «እዚያ ሁሉን ነገር ሰጥተውታል ማለት ነው!»

አጎቴ ብድግ ብሎ ወጣ። በሩን ከኋላው ዘጋው፤ በገዛ እጁ በር ሲዘጋ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። እናቴ ግን ወደ እኔ ዞረች።

«አዎ» አለችኝ። «ሁሉን ሰጥተውታል።»

እኔም አመንኩ። ዓመታት አመንኩ፤ ሰው ሌላ ቢነግረኝ እንኳ እስከማልሰማ ድረስ አመንኩ። እያደግኩ ስሄድ ሐይቁ ቀረ፤ አባቴ እስር ቤት እንደገባ ገባኝ፤ ከሰው አፍ ብዙ ሰማሁ። የሆነ ቦታ አርጅቶ፣ ጥርሱ ረግፎ፣ እንደ አጎቴ አንድ ቀን ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አገኘዋለሁ የሚለው ተስፋዬ ግን አልተቆረጠም ነበር። ዕቃውን የመለሱት ወደ ሌላ ቦታ ስላዛወሩት ነው እል ነበር።

ኮሌጅ ስገባ ማደሪያው ወለሉ ሲሚንቶ ነበር። የመጀመሪያው ሌሊት መብራት ጠፋ። ብርዱ ከእግሬ ጣት ተነስቶ ጉልበቴ ድረስ ገባ። ልጆቹ ተኝተዋል። እጄን ሳላስበው ወደ ቦርሳዬ ሰደድኩ፤ ካልሲው ላይ አረፈ። በልጅነቴ እንደተማርኩት ነበር ያሰናዳሁት፤ ከላይ። አውጥቼ አንዱን እግሬን አጠለቅኩ። ሁለተኛውን ልደግም ስል ቆምኩ።

እዚያ ካልሲ እያለው ሳያጠልቅ ያደረ ሰው እኔ አላየሁም።

አባቴ እዚያ አንዲት ሌሊት እንኳ አላደረም። ያን ሐይቅ ሁሉ፣ ያን ኩርፊያ ሁሉ፣ በየደጃፉ የቆመችውን እናቴን ሁሉ ያለ ምክንያት ተሸክመነው ኖርን፤ እሱ ግን በዚያው በወጣበት ቀን ሞቷል። እናቴና አጎቴ ቦርሳውን ገና ሲከፍቱ አውቀውታል። ካልሲውን አፌ ውስጥ ከትቼ እስኪነጋ አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲህ ነው ሻንጣ ማሰናዳት የማላውቀው።

እናቴ አሁን ከኔ ጋር ነው የምትኖረው። ጣቶቿ ተቆልምመዋል፤ ልብስ አታጥፍም፤ የታጠበውን ቅርጫት ውስጥ እንደመጣ ታጭቀዋለች። እኔ መንገድ ስወጣ መሰናዶዬን አታይም፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ትቀመጣለች። ዛሬም እንደዚያው ነበረች። ሹፌሩ ውጭ ጥሩምባውን ይነፋል፤ እኔ ክዳኑ ላይ ቁጭ ብዬ እታገላለሁ።

«ዘጋሽው?» አለችኝ ሳትዞር።

«ዘጋሁት፣ እማዬ።»

«ካልሲሽን የት አደረግሽው?»

«ከሥር ነው። ከሁሉ ነገር ሥር።»

«ጎሽ» አለችኝ።